የሰዓት ሠሪው ጠርሙስ

መስከረም 14

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ግን ትንፋሽ አይሰጥም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼህ አይደለም፤ «ነገ ረጋ ብዬ እጽፍለታለሁ» እያልኩ ነገ አልመጣ ብሎኝ ነው። ይቅር በለኝ። ለእረፍት ትመጫለሽ ወይ ላልከው፣ ዘንድሮም የሚሳካ አይመስለኝም። ዝናቡ ሲያቆም የተርቦቹ ንግሥቶች ከተደበቁበት ይወጣሉ፤ ያኔ የነፍሳት ተቋም ሠራተኛ እረፍት ቢጠይቅ መሳቂያ ነው የሚሆነው።

የተርብ ማጥመጃውን ጠርሙስ የት ልስቀለው ብለሃል። ያው አምና የነበረበት፣ ከሱቅህ ጀርባ ያለው ዛፍ ላይ፣ እጅህ የሚደርስበት ቅርንጫፍ። የስኳር ውሃና ጠብታ አቼቶ፣ በቃ። በየሳምንቱ ትገለብጠዋለህ፣ ከሞቱት የአገሩን ተርብ ከመጤው ትለያለህ፣ ቆጥረህ ካርዱን በፖስታ ትልካለህ። መጤው ጥቁር ሆኖ እግሩ ጫፍ ላይ ብቻ ቢጫ ነው፤ ላንተ ማስረዳቴ ድፍረት ነው፣ ስሙን ያወጣኸው አንተ! «ባለ ካልሲው» ያልከው እዚህ በሁሉም ሰው አፍ ገብቷል። አለቃዬ በትልቅ ስብሰባ ላይ አምልጦት «ባለ ካልሲው» ሲል ሳቅ ገደለን።

ምንም ካልገባስ ላልከው፣ ዜሮ ብለህ ጻፍና ላክ። አገሩን ሁሉ የሚጠብቁልን እንዳንተ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ካላገኙ ዝም ይላሉ፣ እኛ ደግሞ እዚያ ተርብ የለም እንበል ጠባቂ የለም እንበል ይጨንቀናል። ዜሮ የላከ ሰው ቆሞ አይቷል።

ፎቶው አያስፈልግህም። ሌላው ሁሉ በየሳምንቱ የጠርሙሱን ፎቶ በስልክ የመላክ ግዴታ አለበት። ላንተ ግን «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር የምታክል ሽቦ ሲያቃና የኖረ ሰዓት ሠሪ ነው፣ የተርብ ካልሲ አያመልጠውም» ብዬ አስፈቅጃለሁ። በሰፈራችን ካርታ ላይ ባለ ካልሲው የታየባትን የመጀመሪያዋን ነጥብ ያስቀመጥከውም አንተ ነህ፤ ያቺን ማን ይረሳል?

ጎረቤታችን ባለቀፎዋ እትዬስ እንዴት ናቸው? ባለ ካልሲው ንብ አድኖ ነው የሚበላው። አንድ ጎጆ ብቻ አጠገባቸው ቢሠራ ቀፎዎቻቸውን ሁሉ ይጨርሳል፤ መተዳደሪያቸው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ዓይንህ ከእሳቸው ግቢ አይራቅ።

ልጅህ ጉንዳን


ጥቅምት 20

ለልጄ ለጉንዳኔ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱም ደህና ነው፣ ጣሪያው ያንጠባጥብ የነበረውም ዝናቡ ስላቆመ ራሱ ታርሟል።

ካርዱ ለምን ዘገየ ብለሽ ተቆጥተሻል። ፖስታ ቤቷን ተቆጪያት። እኔ በሰዓቱ ነው የምልከው፤ በሰዓት ጉዳይ ከእኔ ጋር አትከራከሪ።

ሱቁን ዘግቷል ያለሽ ሰው ማን ነው? አልዘጋሁም። ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የማልከፍተው። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ስልክ ውስጥ ከቶ እየዞረ እኔ ለማን ብዬ ልጎለት? የሚመጡትም ባትሪ ቀይርልን ነው የሚሉት። እነሱንም ታች ወዳለው ሱቅ እልካቸዋለሁ፤ ባትሪ መቀየር ሥራ ነው እንዴ? ድሮ አንድ ሰዓት ከፍቼ ጥርሱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስቀመጥ አንቺ ከጎኔ ሆነሽ ትንፋሽሽን ትይዢ ነበር፣ እፍ ብለሽ እንዳትበትኚብኝ። እንዲያ ያለ ሥራ አሁን የለም።

የጠርሙሱን ነገር ስነግርሽ፣ የአገሩ ጥቂት ጥቂት ይገባል። ባለ ካልሲ ዜሮ። ከካርዱ ላይ አለልሽ።

ባለቀፎዋ ሰላም ብላሻለች። አንድ ጠርሙስ ማርም ላንቺ ብላ ሰጥታኝ ነበር። መንገድ ላይ ይሰበራል ብዬ ስለሰጋሁ እዚሁ እየበላሁልሽ ነው። ስለ ቀፎዎቿ ነግሬያታለሁ፣ «እርስዎ ካሉ እኔ ምን አስጨነቀኝ» አለችኝ።

በስልክ ለምን አንነጋገርም ላልሽው፣ ስልክ ላይ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ ደግሞ ልልሽ የነበረው ነገር የሚመጣልኝ ከዘጋሽ በኋላ ነው። ደብዳቤ ይሻለኛል። ደብዳቤሽን ደግሞ ደጋግሜ እይዘዋለሁ።

አባትሽ


ኅዳር 9

አባዬ፣

ይህቺ አጭር ናት፣ አትቀየመኝ፤ የምጽፍልህ ስብሰባ ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ሰፈራችን ካርታው ላይ አረንጓዴ ሆነ! አምና ቢጫ ነበር፣ ካቻምና ያንተ ቀይ ነጥብ ነበረች። ሳምንት በሳምንት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሌላ ቦታ እየባሰ ያለውን ነገር ሳየው ያንተ ካርድ ሲመጣ እፎይ እላለሁ።

ጎጆ አውራጆቹ ወዴት ይሄዳሉ ብለህ ነበር። ያለን አንድ ቡድን ነው፣ አንድ መኪና፣ አንድ ረጅም መሰላል። ሁሉም ወረዳ ወደ እኔ ነው የሚጮኸው። በዚህ ሳምንት ወደ ሐይቁ ዳር ልከናቸዋል። አንዱ ባልደረባዬ «ያባትሽ ሰፈር ጎረቤቱ ሁሉ ተይዞ እሱ ብቻ እንዴት ንጹህ ሆነ? አንድ ቀን አልፈው ይዩት» አለ። እኔ ግን «እዚያ አያስፈልግም፣ የማምነው ሰው አለ» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት፤ ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን፣ ፊደልህ ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረው? ደብዳቤህን ስከፍተው የሱቅ ማስታወቂያ መሰለኝ። አንድ ወረቀት ላይ አራት መስመር! ወረቀት ቆጣቢ አባት አለኝ እያልኩ ሰው ፊት ስኮራ ኖሬ አዋረድከኝ።

ሰዎቹ እየጠሩኝ ነው። ደህና ሁን፣ ብርድ እንዳይመታህ።

ጉንዳን


ታኅሣሥ 3

ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ፊደሌ የወፈረው ብዕሩ ነው። ጥሩ ብዕር አጥቼ ነው። ደግሞ ትልቅ ሰው በትልቁ ቢጽፍ ምን ነውር አለው?

ካርዱ አለልሽ። ዜሮ።

ባልደረባሽ ላለው ነገር አትናደጂ፤ መጠርጠር ሥራው ነው። ቢመጡ ግን ደስ ባለኝ ነበር ልልሽ ብዬ ነበር፣ ተውኩት። መሰላሉ አንድ ብቻ ነው ብለሻል፣ የባሰበት ይውሰደው።

ባለቀፎዋ ሰሞኑን ነገር አብዝታለች። ንቦቼ መውጣት ትተዋል ትላለች። ፀሐዩ ወጥቶ አበባው ሞልቶ እነሱ የቀፎው በር ላይ ተጠቅጥቀው ይቆማሉ አሉ፣ አንዱ አንዱን እየገፋ። የቀፎው ክብደትም ቀሏል ትላለች። ምን ይመስልሻል? በሽታ ይሆን? እኔ «ልጄ ሰፈሩ ንጹህ ነው ብላለች፣ ካርታው ላይ አረንጓዴ ነው» አልኳት። ከተቋም የመጣ ቃል ነው፣ ምን ትመልሳለች? «እሺ» ብላ ሄደች። ፊቷ ምን እንደሚመስል አላየሁም፣ ድምፅዋ ግን ልክ አልነበረም።

ለምን ረጅም ደብዳቤ አትጽፍልኝም ላልሽው፣ ያንቺም አጥሯል እኮ። ወቀሳ አይደለም። የምትጽፊልኝ ሁሉ ስለ ተርብ ሆኗል፤ ይሁን፣ ስለ ተርብም ቢሆን ጻፊ። ፖስተኛው በሩን ሲያንኳኳ የሚሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

አባትሽ


ታኅሣሥ 15

አባዬ፣

እንደምን ነህ? ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምመልስልህ።

የእትዬን ንቦች ነገር ሁለቴ አነበብኩት። በሽታ አይደለም። ንብ በር ላይ ተጠቅጥቆ አልወጣም የሚለው ውጪ የሚጠብቀው ነገር ሲኖር ነው። ባለ ካልሲው ከቀፎው ፊት አየር ላይ ይቆምና የምትወጣዋን ይቀልባል። ንቦቹ ፈርተው ሲታገዱ ይራባሉ፤ የምንፈራው እሱን ነው።

እባክህ እሳቸው ግቢ ሄደህ ፀሐይ ሞቅ ሲል ቀፎው ፊት ለፊት ተቀመጥ። ጥቁር ነገር አየር ላይ ቆሞ ካየህ እሱ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የሞቱትንም አድርቀህ በክብሪት ቀፎ አድርገህ ላክልኝ። ሁሉንም፣ የአገሩ ናቸው ያልካቸውንም።

አትቀየመኝ። ተሳስተሃል ማለቴ አይደለም፤ ያንተን ዓይን ከማንም ዓይን በላይ ነው የማምነው። ግን ምናልባት አንዲት ሳምንት ስትቸኩል አምልጦህ ይሆን? ቢያመልጥህ እንኳ ንገረኝ። ቡድኑን ከሐይቁ ዳር መመለስ ካለብኝ አሁን ነው፣ ኋላ ጎጆው አድጎ ቀፎዎቹ ካለቁ መመለሱ ዋጋ የለውም።

መልስህን በቶሎ።

ጉንዳን


ጥር 4

ልጄ፣

የእጅ ጽሑፉ የኔ እንዳልሆነ አይተሻል። የምትጽፍልኝ ባለቀፎዋ ናት፤ ቃሉ የኔ ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ይዤ ወደ እሷ ሄድኩ። መነጽሬ ተሰብሮብኛል፣ አንብቢልኝ አልኳት። ውሸቴን ነበር። የቀደሙትን በአጉሊ መነጽር እየለቀምኩ አነባቸው ነበር፣ አንዱ ደብዳቤሽ አንድ ጠዋት ይፈጅብኛል፤ ይሄኛው ግን በችኮላ የጻፍሽው ስለሆነ ፊደሉ አልያዝልህ አለኝ። እሷ አነበበችው። ስትጨርስ ተነስታ ወጣች። ከዛፉ ላይ ጠርሙሱን አውርዳ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለችኝ። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁና «የአገሩ» አልኳት። አንዱን አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ የዚህ ሁሉ እግሩ ቢጫ ነው እኮ» አለች።

ጎጆው እዚያው ዛፍ አናት ላይ ነው። ጠርሙሱን የምሰቅልበት ዛፍ። ትልቅ ሆኗል አለችኝ፣ ከመንገድ ላይ ይታያል።

ዓይኔ መሃሉ ጠፍቷል። ዳር ዳሩን አያለሁ፣ በሩን፣ ወንበሩን፣ የሰው አካሄድ። ትክ ብዬ ያየሁት ነገር ግን እንደ ተነካካ ቀለም ይድበሰበሳል። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቁር ነገር መኖሩ ይታየኛል፣ እግሩ አይታየኝም። ባለ ካልሲ ነው ብዬ ብልክ ቡድኑን በከንቱ አስመጣለሁ ብዬ ፈራሁ። መለየት አቃተኝ ብዬ ብልክ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። ዜሮ መጻፍ ቀለለኝ። አንዴ ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ ቀጣዩ ቀላል ነበር።

ለምን አልነገርከኝም ማለትሽ አይቀርም። ያ ካርድ ባይኖር ምን ብለሽ ትጽፊልኛለሽ? ይሄን ነበር የማስበው።

ከቀፎዎቿ የተረፈው አንድ ነው። አሁን እዚህ ላይ ስንደርስ ብዕሩን አስቀምጣ ወጥታ ነበር። ተመልሳለች። ጻፊው አልኳት፣ እየጻፈችው ነው። ሰፈሩ ንጹህ ነው ባልኳት ጊዜ ብታምነኝ ነው እንጂ፣ ዛፉን ቀና ብላ ብታይ ኖሮ ያኔውኑ ታገኘው ነበር። እኔን ማመኗ ነው የጎዳት።

መቼ ጀመረህ ብትዪኝ አላውቅም። ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ መብራቱ ነው፣ ድካም ነው ስል ቆየሁ። የላክሁልሽን ሁሉ ሰርዢው።

አባትሽ


ጥር 16

ይድረስ ለአባዬ እና ለእትዬ፣

እትዬ፣ ይህን ለአባቴ የሚያነቡለት እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ከእርስዎ ልጀምር፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው ደብዳቤውን ራሷ ተበዳይዋ እንድታነበው ማድረጉ ሌላ በደል ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለኝም።

ሰፈሩ ንጹህ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ የኔን ቃል ነው ያደረሰልዎ። ፎቶ የማይልክ ፈቃደኛ ካርዱ አይመዘገብም የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለሁሉም አጥብቄው ለአባቴ ብቻ ፈታሁት። አንድ ፎቶ ቢመጣ ከመጀመሪያው ሳምንት እናውቅ ነበር፣ ንቦችዎም ይኖሩ ነበር። ባልደረባዬ አልፈው ይዩት ሲል አፉን ያዘጋሁትም እኔ ነኝ። በጣም አዝናለሁ፣ አፍሬያለሁም።

አሁን አንተ፣ አባዬ። ቡድኑ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል፣ ጎጆውን ያወርዱታል። በዚያ ቀን መስኮቱን ዝጋና እቤት ቆይ።

ካርዶቹን ሰርዢ ላልከው፣ ሰርዣቸዋለሁ። ዓይንህ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደደከመ ስለማይታወቅ ሁሉም ነው የሚነሳው። በዚህኛው ሕግ ላይ ላንተ ብዬ ማለፍ አልደፈርኩም። የመጀመሪያዋንም ነጥብ አነሳኋት። እውነት እንደነበረች አውቃለሁ፣ በዚያን ጊዜ ዓይንህ ጤነኛ እንደነበረ እምላለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሰፈራችን አሁን ካርታው ላይ ነጭ ነው፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ቦታ ነው የሚመስለው።

ግን የሚቆጨኝ እሱ አይደለም። ፊደልህ ሲወፍር ቀለድኩብህ። ሱቁን ከሰዓት በኋላ አልከፍትም ስትለኝ ለምን ብዬ ጠይቄ መልስህን እንኳ በቅጡ ሳላነብ ወደ ተርቡ አለፍኩ። ዝንብ ክንፍ ላይ ያለ መስመር ለይቼ የማውቅ ሴት የአባቴ ዓይን ሲጠፋ ደብዳቤው ላይ ተጽፎ እያየሁት አላየሁትም።

ካርድ ባይኖር ምን ትጽፊልኛለሽ ላልከው፣ የጻፍኩልህን ሁሉ ባስታውስ ከተርብ ሌላ አላገኘሁበትም። ያ ነው ያስለቀሰኝ።

እንዴት ነህ? ሐኪም ዘንድ ሄደሃል? ምን አለ? ልምጣ? አንድ ቃል በለኝና ነገ እነሳለሁ።

ልጅህ


የካቲት 2

ለልጄ ለጉንዳኔ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፣ ባለቀፎዋ አነበበችልኝ። ስላንቺ የጻፍሽውን ደግሜ አስነበብኳት። በቃ፣ አታልቅሺ። ሰው በአባቱ ቢያምን ምን ጥፋት አለው?

ነጥቧን ማንሳትሽ ልክ ነው። እኔም ብሆን አደርገው ነበር፤ የቆመ ሰዓት ትክክለኛውን ሰዓት ቢያሳይም ለባለቤቱ አይመለስም።

ሰዎቹ መጥተው ጎጆውን አወረዱት። ቅርንጫፉን ቆርጠው ከነተርቦቹ በከረጢት አስገቡት ተባልኩ፤ እኔ መጋዙን ብቻ ነው የሰማሁት። ጠርሙሱን አሁን የምትጠብቀው ባለቀፎዋ ናት፣ በየሳምንቱ ፎቶ ትልካለች፣ ያውም ሕጉን አጥብቃ። በቀረው ቀፎ አጠገብ ወንበር አድርጋልኛለች፤ ፀሐይ ሲሞቅ እዚያ እቀመጣለሁ። ንቦቹ መውጣት ጀምረዋል፣ ድምፃቸው ይሰማኛል።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው አለኝ። የሚያስጨንቅ የለውም።

ልምጣ ላልሽው፣ አትምጪ። የሥራሽ ወቅት ነው፣ ሰው ሁሉ አንቺን ይጠብቃል። እኔ ደህና ነኝ። ምንም አልጎደለብኝም።

አባትሽ

እስከዚህ ያለው የእሳቸው ቃል ነው። ከዚህ በታች ያለውን አንብቤ አላሰማኋቸውም።

ስለ ቀፎዎቼ የጻፍሽውን ጮክ ብዬ ሳነበው ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አዝኜብሻለሁ፤ ገና ከሆዴ አልወጣም፣ ወጥቷል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ንቦቼን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ፣ አንድ በአንድ ሲያልቁ ቆሜ ያየሁትም እኔ ነኝ። እሱ የእኔና የአንቺ ጉዳይ ነው፣ ስትመጪ እንነጋገርበታለን።

ሐኪሙ ዘንድ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፣ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ሲጀምር መጥተው ቢሆን ኖሮ ባለበት የሚያቆም መርፌ ነበረ፣ አሁን ጊዜው አልፏል፣ የቀረውም ይሄዳል ነው ያለው። ባለፈው ምድጃው ላይ እጃቸውን ተቃጥለው ቁስሉን በእጅጌያቸው ሸፍነው ከረሙ። ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት። ሱቁን ከከፈቱ ቆይተዋል፣ ጠረጴዛው ላይ አቧራው ወፍሯል። አንቺ እንዳትመጪ የሚከለክሉሽ ሥራሽን ብለው አይደለም። «ፊቷን ትክ ብዬ ባየሁት ቁጥር ይጠፋብኛል፣ ያን እንድታውቅብኝ አልፈልግም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

ደህና ነኝ ብለሽ ጻፊልኝ አሉ፣ ጽፌያለሁ። ደህና አይደሉም። ነይ።